ቀይ ነጥብ ያለበት ሰሃን

በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. አራተኛው ሻምበል ጦር ተበተነ። እስከዚያ ወር ድረስ ከከፋ የዘመቱት ስምንት ሰዎች ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር፤ ከዚያ ወር በኋላ እያንዳንዱ በየቤቱ፣ በየሰሃኑ መብላት ጀመረ።

ሃያ ዓመት ሊሞላ አራት ወር ሲቀረው፣ በጥር 2003 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ከጦሩ የተረፉት ቦንጋ ላይ ሊገናኙ ተቃጠሩ። ከስምንቱ የከፋ ልጆች አራቱ በሕይወት ነበሩ። ከአዲስ አበባና ከጅማ ደግሞ አሥራ አምስት ሰዎች በሁለት ሚኒባስ መጡ።

ደጋሹ ፈለቀ ነበር። በጦሩ ውስጥ አሥር አለቃ የነበረው ፈለቀ አሁን በመናኸሪያው አጠገብ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፍቶ፣ ጋሽ ፈለቀ የሚባል የተከበረ ሰው ሆኗል። «የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ብንል ስንት ቢሮ ያመላልሱናል፤ ዕድር ብንል ግን ማን ይከለክለናል?» ብሎ መላውን የዘየደውም እሱ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀኑ ግብዣ ለናፍቆት ብቻ አልነበረም። ከምሳ በኋላ ደንብ ይነበባል፣ አባላት ይመዘገባሉ፣ ከእንግዲህ ከመካከላቸው የሞተውን የሚቀብሩት እነሱው ይሆናሉ።

ተሾመች በጦሩ ውስጥ የጤና ረዳት ነበረች። ከተመለሰች በኋላ ተምራ፣ ዲግሪዋን ይዛ፣ ጤና መምሪያ ተቀጥራ ትሠራለች። አላገባችም፤ ልጅም የላትም፤ እናቷን ከቀበረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቃል ሳትመዝን የማትናገር ሴት ይሏታል። ይህን የሚሏት ሊያመሰግኗት ነው።

ሣህሌን የጠራችው እሷ ናት። ከወር በፊት ለሥራ ጉብኝት ሺሺንዳ ሄዳ፣ በገበያው ዳር ከከሰል ማዳበሪያዎቹ ኋላ ቆሞ አየችው። ፀጉሩ ሸብቷል፤ አቋሙ ግን ያው ነበር። «ሐኪሜ» አላት፣ እንደ ጥንቱ፤ ሳይጠጋት፣ ከነበረበት ሆኖ። ቀኑንና ቦታውን ነገረችው። ዕድሩንም ነገረችው።

«ይጽፉኛል?» አለ።

«ለምን አይጽፉህም?»

«ፈለቀ እንደምመጣ ያውቃል?»

«ያውቃል» አለችው።

ለፈለቀ ምንም አልነገረችውም ነበር። ሳትመዝን የተናገረችው ቃል ይህ ነው።

ሣህሌ ማንጃ ነው። ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ይህ ቃል ምንም አይነግረውም፤ በከፋ ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ሌላ መጠየቅ አያስፈልገውም። ማንጃ በጫካው ዳር ይኖራል፤ ከሰልና ማገዶ ይሸጣል፤ የሰው ደጅ ቢመጣ ከአጥሩ አያልፍም፤ ምግብ ቢሰጡት በኮባ ቅጠል አድርገው ከውጭ ነው፤ በዕቃ ከበላ ዕቃው ይጣላል። ለምን ቢባል የጉሬዛ ሥጋ ይበላሉ፣ ርኩስ ናቸው ይባላል። ተሾመች በልጅነቷ እናቷ አንዲት ማንጃ ውሃ የጠጣችበትን ቅል በድንጋይ ስትሰብር አይታለች። ለምን ብላ አልጠየቀችም።

በወታደር ቤት ግን የማን ወገን ነህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የከፋ ልጆች ሰባቱ ከመጀመሪያው ቀን ያውቁት ነበር፤ ሳምንት ያህል ትሪውን ሸሹት፤ ረሃቡ ሲጠና ተመለሱ። ጦሩ ተበትኖ ወደ ሱዳን ድንበር በሸሹ ጊዜም የደረቀ ወንዝ አሸዋ በእጁ ቆፍሮ ውሃ ያወጣላቸው ሣህሌ ነበር። በጣሳው ቀድቶ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለ፣ ጨው አለመሆኑን ሊያውቅ፤ ከዚያ «ሐኪም ይቅደም» ብሎ ለተሾመች ሰጣት። ከንፈሩ በነካው በኩል ጠጣች። ቀጥሎ ፈለቀ ጠጣ፣ ቀጥሎ በእምነት። ጣሳውን የጠረገ አልነበረም።

ከሺሺንዳ እንደተመለሰች ሣህሌን መጥራቷን ለፈለቀ ነገረችው። ፈለቀ በሚዛኑ ላይ አንድ ጭብጥ ሚስማር ጨመረ። «ደግ አድርገሻል» አለ። ቀጥሎም «ምግቡን ግን በሰሃን በሰሃን እናድርገው፤ ቡፌ» አለ።

ቅዳሜ ጧት ልታግዝ ስትሄድ፣ የፈለቀ ሚስት የምሥራች በጓዳው ውስጥ ሰሃን ስትቆጥር አገኘቻት። አሥራ ዘጠኝ ነጭ ሰሃን ደርድራ፣ ሃያኛውን ገልብጣ፣ በቂጡ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ቀይ ነጥብ ታደርግ ነበር።

«ምንድን ነው?» አለች ተሾመች።

«ምልክት ነው።»

«የምን ምልክት?»

የምሥራች ቀለሙን በአፏ እፍ እያለች አደረቀች። «እትዬ ተሾመች፣ እርስዎ ራስዎ የአገሩ ልጅ ነዎት፤ እኔ ምን አስረዳዎታለሁ? ሰሃኑ የሠፈራችን ዕድር ንብረት ነው። ማንጃ በላበት የሚል ወሬ ከወጣ ሁሉንም ተኩ ይሉናል። አንዱን ለይተን ብንጥል አይሻልም? እሱም አያውቅ፣ አያዝን። ከሥር አደርገዋለሁ፤ መጨረሻ የሚነሣው እሱ ነው።»

ተሾመች የምትናገረውን መመዘን ጀመረች። ብዙ መዘነች። ሚዛኑ ሳይረጋ የምሥራች ከተደረደሩት አንዱን ቀንሳ፣ ነጥብ ያለበትን ሰሃን ከሥር አስገብታ፣ ወደ ወጡ ዞራ ነበር። ለካስ ለተሾመች መጀመሪያ የተሰማት ቁጣ አልነበረም፤ እፎይታ ነበር።

እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። አዛዣቸው የነበሩት መቶ አለቃ ገብረሚካኤል ከሚኒባሱ ሲወርዱ ሰው ሁሉ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ተሳሳቀ። ከሚል የሚባለው፣ ከጅማ የመጣው የጦሩ ሾፌር፣ «መቶ አለቃ፣ ሆድዎ ከእርስዎ ቀድሞ ወረደ» አላቸው። እሳቸውም «ያንተስ ጥርስ የት ዘመተ?» አሉት። ስለ ኑሮው ሲወራ፣ የሞቱት ስም ሲጠራ አንድ ሰዓት አለፈ።

ሣህሌ የመጣው ይህን ጊዜ ነው። ከአጥሩ በር ውጭ ቆሞ ነበር፤ ምን ያህል እንደ ቆመ የሚያውቅ የለም። የታጠበ ኮት ለብሷል። ተሾመች አየችው፤ ፈለቀም አየው፤ በእምነትም አየው። ሦስቱም ከተቀመጡበት አልተነሡም። የተነሡት መቶ አለቃ ገብረሚካኤል ናቸው።

«ሣህሌ ውሃ» አሉ፤ የድሮ ቅጽል ስሙ ነው። «ምን በር ላይ ይገትርሃል? ጥበቃ ነህ?» ብለው ጎትተው አስገቡት፤ አንገቱን አቅፈው አራት ጊዜ ሳሙት።

ፈለቀ ተነሥቶ የቀኝ ክንዱን፣ ከአንጓው በላይ፣ ለሰላምታ ዘረጋ፤ ምግብ የሚነካ ሰው እንደሚያደርገው። «እጄ እርጥብ ነው፤ ይቅርታ» አለ። እጁ ደረቅ ነበር። በእምነትም ክንዱን ዘረጋ። በእምነት ዛሬ ወንጌል ሰባኪ ነው፤ ስለ ወንድማማችነት ሲሰብክ ሴቶች ያለቅሳሉ ይባላል።

«ሁላችሁም እርጥብ ናችሁ» አለ ሣህሌ። «ቦንጋ ዘንቧል እንዴ? በሺሺንዳ በኩል ደረቅ ነው።»

ለተሾመች እጁን አልዘረጋም። እሷ እጁን ያዘችው። ጣቶቹ የከሰል ጥቁረት ዘልቋቸዋል፤ መዳፉ ግን በሳሙና ተፈትጎ ቀልቷል። ስትለቀው እጇን በቀሚሷ ላለመጥረግ መጠንቀቅ እንዳስፈለጋት አስተዋለች።

ምሳው ቀረበ። መቶ አለቃው ረጅሙን ጠረጴዛና የሰሃኑን ቁልል አይተው ቅር አላቸው። «ትሪ የለም? እኔ እኮ እንደዚያ ጊዜው መስሎኝ...»

«ዘመኑ የቡፌ ነው መቶ አለቃ» አለ ፈለቀ። «ሃይጅንም አለ። ይኸው የጤና ባለሙያዋ እዚሁ ናት፤ ትመስክር።»

ሁሉም ወደ ተሾመች ዞሩ። «ይሻላል» አለች።

ፈለቀ ሰልፉን አበጀ። እንግዶች ይቅደሙ፤ የቦንጋ ሰዎች ይከተሉ፤ ሣህሌ ቤተኛ ስለሆነ መጨረሻ። መቶ አለቃውን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ፊት ሊያመጣቸው ሲል ግን አንድ ነገር ዘነጋ፤ እሱም፣ በእምነትም፣ ሌላ ማንም ቢሆን ሊዘነጋው የማይገባውን።

«ምን ነካህ አሥር አለቃ?» አሉት። «አለቃ መጨረሻ ይበላል። አራት ዓመት ሙሉ ከእናንተ በፊት ጎርሼ አውቃለሁ? ሃያ ዓመት ይህንንም አስረሳህ?»

ሰዉ አጨበጨበ። መቶ አለቃው ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደው፣ ከሣህሌ ኋላ ቆመው፣ በሁለት እጃቸው ትከሻውን ይዘው ወደ ፊት ገፋ አደረጉት። ፈለቀ ምን ይላል? የምሥራች ከጓዳው ደጃፍ ቆማ ሣህሌ አሥራ ስምንተኛውን ሰሃን ሲያነሣ፣ መቶ አለቃውም ቀይ ነጥብ ያለበትን ሲያነሡ አየች። ባሏን በዓይኗ ጠቀሰችው። ባሏም በዓይኑ «ሰሃኑን ጠብቂው» አላት።

ዶሮው ተበላ። የምሥራች የሣህሌን ሰሃን እንደ እባብ እየተጠባበቀች ሳለች መቶ አለቃው ተነሡ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ከጥብሱ በፊት» አሉ፣ «የሰሃን ተረኛ ዛሬ እኔ ነኝ።» ይኸም የጦሩ ልማድ ነበር፤ በበዓል ቀን ዕቃ የሚያጥበው አዛዡ ነው። ማንም ሳይከለክላቸው እየዞሩ ሰበሰቡ፤ የሣህሌን በፈለቀ ላይ፣ የፈለቀን በከሚል ላይ ደራርበው ሁሉንም በአንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ ዘፈቁት። የምሥራች «ይተዉት፣ በእግዚአብሔር» እያለች ብትሮጥም አልሰሟትም፤ ጨዋነት መሰላቸው። አጥበው፣ በፎጣ አድርቀው፣ እየዞሩ አደሉ። ጥብሱም ወጣ።

ተሾመች ሁለት ጊዜ ጎርሳ ነበር፣ መቶ አለቃው የመጨረሻውን ሰሃን፣ የራሳቸውን፣ ወደ ብርሃን አንሥተው ሲጠይቁ።

«እመቤት፣ ይህ ቀይ ነገር አይለቅም። ቅድምም የበላሁት በዚሁ ነው። ምንድን ነው?»

የምሥራች ወደ ጓዳው ገባች። ፈለቀ ያላመጠውን ሳይውጥ በጉንጩ ያዘው። ከዚያ በእምነት ሰሃኑን ከፍ አድርጎ ከሥሩ አየ። ፈለቀም አየ። አንዳቸውም ምልክት አላገኙም፤ ምልክቱ መቶ አለቃው እጅ ላይ ነው። የሣህሌ ሰሃን የት እንዳለ የሚናገር ምንም ነገር አልቀረም።

«ከሥሩ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለ ከሚል። «የተሠራበትን አገር ከሆነ ልንገራችሁ፤ ቻይና ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ። ተሾመች ያን ጊዜ የራሷን እጅ አየች። ሰሃኗን ዘንበል አድርጋ፣ መረቁ እንዳይፈስ በአውራ ጣቷ አግዳ፣ ከሥሩ እያየች ነበር። መቼ እንዳነሣችው አታውቅም። ቀና ስትል ሣህሌ እሷን ይመለከታል። ፈለቀንና በእምነትን አልነበረም የሚያየው።

በእምነት ወደ ሣህሌ ጠጋ አለ፤ በስብከት ጊዜ እንደሚያደርገው ድምፁን አለስልሶ ጠየቀው። «ወንድሜ፣ የቅድሙ ሰሃንህ የትኛው ነበር? ምልክት ነገር አለው?»

«በእምነት፣ አንተ የነፍስ ጠባቂ እንጂ የሰሃን ጠባቂ መሆንህን አላውቅም ነበር» አለ ሣህሌ። ጉርሻውን ጨርሶ ዋጠ። «ጫፉ የተሸረፈው ነው።»

ጫፉ የተሸረፈው ሰሃን በተሾመች እጅ ነበር።

ፈለቀና በእምነት ያዩዋታል፤ ፊታቸው ላይ ያለው እፎይታ ነው፤ ጧት በጓዳው ውስጥ እሷ ራሷ የተሰማት ያው እፎይታ። የፈለቀ ከንፈር በቅባት ይብለጨለጫል፤ ያላመጠውን አሁን ዋጠው። ተጸየፈችው። እንዲህ ያለ ጥላቻ ለማንም ተሰምቷት አያውቅም። በሰሃኑ ላይ የጥብሱ ቅቤ መርጋት ጀምሯል። በሳሙና የታጠበ፣ በፎጣ የደረቀ ሰሃን ነው፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም፤ ስለ ጀርም ሴቶችን የምታስተምረው እሷ ናት። ሥጋው ግን ከጉሮሮዋ አፋፍ ላይ ቆሞ አልወርድም አለ። እናቷ የሰበረችው ቅል ድምፅ ነው የዘጋው።

ሰሃኑን ወንበሩ ሥር አስቀመጠችው። «ጠግቤያለሁ» አለች።

ሣህሌ ዓይኑን መለሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሥርዓት ሆነ። ፈለቀ ደንቡን አነበበ፤ ራሱ የጻፈው፣ የሚኮራበት ደንብ ነው። ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «እያንዳንዱ አባል በሞት ጊዜ ጉዳዩን የሚፈጽምለት ተጠሪ ያስመዘግባል፤ ተጠሪው አባል መሆን አይጠበቅበትም። ሟቹ ቤተሰብ ከሌለው ድንኳን በተጠሪው ደጅ ይተከላል። አባላት ሁሉ ሦስት ቀን ይቀመጣሉ። ከሐዘኑ ቤት እህል ያልቀመሰ እንዳልመጣ ይቆጠራል፤ ከዕድሩም ይሰረዛል።» ሁሉም «መልካም» አሉ። ወረቀቱ ዞሮ ሁሉም ፈረሙ። ለሣህሌ አልደረሰውም።

«ሣህሌስ?» አሉ መቶ አለቃው።

«የተሃድሶ ምስክር ወረቀት የለውም» አለ ፈለቀ። «ሁላችንም አያይዘናል። ፎርማሊቲ ነው መቶ አለቃ፤ ፕሮሲጀሩን ካልጠበቅን ነገ ሌላውም ይመጣል።»

«ምን ወረቀት? እኔ አለሁ አይደል ምስክሩ?»

ፈለቀ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ተናገረ። ብዙ ተናገረ። ተሾመች የመቶ አለቃውን ፊት ትከታተል ነበር፤ የቀራት ተስፋ እዚያ ነበር። እሳቸው አዳመጡ። ወደ ሣህሌ አዩ፤ ወደ ሳፋው አዩ። ከዚያ መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን፣ ቀጥሎ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ።

«አላውቅም ነበር» አሉ። «እንግዲህ የአገሩን ነገር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ባህላችሁን አከብራለሁ።»

ሣህሌ ኮቱን ቆለፈ። «አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከተሾመች በቀር የተከተለው የለም። ከአጥሩ በር ላይ ደረሰችበት።

«ፈለቀ ያውቃል ብዬ ዋሽቼህ ነበር» አለችው።

«አውቄያለሁ። ዓይንሽን አይቼ ነው።»

«ለምን መጣህ ታዲያ?»

«ስትዋሺ አይቼሽ ስለማላውቅ። ለእኔ ብላ ከዋሸች ልሂድ አልኩ።» ባጃጅ አልፎ አቧራው እስኪሰክን ጠበቀ። «ሰሃኑን ማስቀመጥሽን ግን አልጠበቅኩም።»

ይቅርታ የሚለው ቃል መጣላት፤ መዘነችው፤ ቀለለባት፤ ተወችው።

«ደጅህ ሰፊ ነው?» አለች።

«ለምኑ?»

«ለድንኳን።»

«ሐኪሜ» አለ፣ «በሰሃኔ አልበላም ብለሽ ሬሳሽን ልትሰጪኝ ነው?»

«አዎ።»

«ቆጮና ጎመን ነው ያለኝ።»

«ደንቡ ምን መሆን አለበት አይልም። ይቀመስ ይላል።»

ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «ለሦስት ድንኳን ይበቃል» አለና ወደ መናኸሪያው ወረደ።

ስትመለስ የተጠሪዎቹ ምዝገባ ተጀምሮ ነበር። ከሚል ሚስቱን አስመዘገበ፤ በእምነት የበኩር ልጁን፤ መቶ አለቃው ወንድማቸውን። ፈለቀ ሳያያት ብዕሩን በስሟ አጠገብ አሳረፈ። «ተሾመች፤ ቤተሰብ የላትም። እኔን ልጻፍ?»

«አይደለም» አለች ተሾመች። «ሣህሌ ብለህ ጻፍ። ድንኳኔ በእሱ ደጅ ይተከላል።»